የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከጎንደር ተነስቶ ወፍና አራዊት ለማየት

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ስሜን ተራሮች የሚጠይቁ ናቸው። በዚህ እትም አምስቱን መርጠን በሰፊው መልሰናል። አጫጭሮቹን ከታች አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ ማራኪ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበብ ኃላፊ ነኝ። 12 ተማሪዎች ይዤ ስሜን ተራሮችን ለማሳየት አስቤአለሁ። አንድ ባለመኪና «በአንድ ቀን ጨነቅ አድርሼ እመልሳችኋለሁ» አለኝ። ወጪው ስለሚቀንስ ልቤ ወደዚያ አዘንብሏል። ምን ትላላችሁ? በየትኛው ወር ብንሄድስ ይሻላል?

መልስ፦ መምህር፣ የአንድ ቀኑ ደርሶ መልስ ይቅርብዎት። ሂሳቡን እንሥራው። ከጎንደር የፓርኩ ቢሮ እስካለባት ደባርቅ ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደባርቅ ፓርኩ ውስጥ እስካለው ማደሪያ ጨነቅ ደግሞ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ይኸኛው ግን ኮረኮንችና ጠመዝማዛ ስለሆነ መኪና አይሮጥበትም። ንጋት 12 ሰዓት ከጎንደር ቢነሱ፣ ደባርቅ ላይ የመግቢያ ክፍያ ከፍለው ስካውት (የፓርኩን የታጠቀ ጠባቂ) እስኪይዙና ልጆቹ ሻይ እስኪጠጡ ድረስ ረፍዶ ጨነቅ ሲደርሱ 6 ሰዓት ይሆናል። በዚያ ሰዓት ዋልያው ገደል ጥላ ውስጥ ተኝቶ ያመሰኳል፤ ወፉም ዝም ይላል። ልጆቹ የሚያዩት ገደሉን ብቻ ነው። ለአንድ ሰዓት ቆይታ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ይመለሳሉ ማለት ነው።

ሦስት ቀን ካለዎት እንዲህ ያድርጉት። አርብ ጠዋት ወጥታችሁ ኮሶዬ ላይ አንድ ሰዓት ቁሙ። ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቆላው ከእግራችሁ ሥር ተዘርግቶ ይታያል፤ ጭላዳም አይጠፋም። ልጆቹ ባይናኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) ማስተካከል የሚለማመዱት እዚህ ይሁን፤ ፓርክ ውስጥ ከገቡ በኋላ መለማመድ ጊዜ ያባክናል። ደባርቅ ቢሮ ክፍት ሳለ ደርሳችሁ ክፍያውንና ስካውቱን ዛሬውኑ ጨርሱ። ቅዳሜ ማለዳ ለመጨረስ ማሰብ ነው ብዙ ጉዞ የሚያበላሸው፤ የሚፈርመው ሰው እስኪመጣ ፀሐዩ ይከራል። የተማሪዎቹን ስም ዝርዝርና የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ይያዙ። ከሰዓት በኋላ በልማሊሞ ጫፍ በእግር ተጓዙና ደባርቅ እደሩ።

ቅዳሜ በማለዳ መኪናው ቡይት ራስ ያድርሳችሁ፤ ከዚያ የገደሉን ጫፍ ይዛችሁ በእግር ወደ ሳንቃበር ማደሪያ። ቀስ ብለው እያዩ ለሚሄዱ ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል። መኪናው ዕቃውን ይዞ ይቅደም። ሳንቃበር እደሩ። እሑድ ገና ሳይነጋ 11 ሰዓት ተነስታችሁ በመኪና ጨነቅ ድረሱ፣ እስከ 4 ሰዓት ተመልከቱ፣ ከዚያ ወደ ጎንደር። ጨለማ ሳይዝ ከተማ መግባት አለባችሁ፤ ለዚህ ነው ከ4 ሰዓት አትለፉ የምንለው።

ይህ አካሄድ ሌላም ጥቅም አለው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው፣ ደባርቅ 2,850፣ ሳንቃበር 3,250፣ ጨነቅ 3,620። ልጆቹ ደረጃ በደረጃ እያደሩ ስለሚወጡ ራስ ምታቱ አይበረታባቸውም።

ወሩን በተመለከተ፣ ለክበብ ልጆች ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ያለውን እንመርጣለን። ሳሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ አበባው አልረገፈም፣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ስደተኛ ወፎችም መግባት ጀምረዋል። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ እንደ መስተዋት ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ይጥላል፣ ድንኳኑ ላይ በረዶ ያድራል። የጥምቀት ሳምንት ጎንደር ውስጥ አልጋም መኪናም ስለማይገኝ ከጥር 5 እስከ 15 ያለውን ይለፉት። የካቲትና መጋቢት ላይ አቧራና ጉም መሳይ ጭስ አየሩን ይሸፍነዋል፤ ሩቅ አይታይም። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ጭጋጉ እጅን እንኳ አያሳይም፣ ኮረኮንቹም ሚኒባስ ይውጣል።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የመንገዱን ሁኔታ ደባርቅ ላለ ሰው ደውለው ይጠይቁ፤ በመነሻው ጠዋትም ይድገሙት። መንገዱ አጠራጣሪ ከሆነ ጉዞው ይተላለፍ። የሰው ልጅ ይዘዋል።

ስካውት መያዝ ግዴታ ነው። አስጎብኚ ሲመርጡ ደግሞ «ወፍ ታውቃለህ?» ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም አዎ ይላል። «ግንደ ቆርቁር የት ዛፍ ላይ አይተህ ታውቃለህ? በስንት ሰዓት?» ይበሉት። የሚያውቅ ሰው ዛፉን ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ነው የምጽፈው። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ባይናኩላር ገዝቶ ላከልኝ። ሳይበት ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየኛል፣ ግማሽ ሰዓት ስይዘው ራሴን ያመኛል። ላዩ ላይ «30×50» ይላል። ዓይኔ ነው ወይስ ዕቃው?

መልስ፦ እኅታችን፣ በአብዛኛው ዕቃው ነው። አስቀድመሽ ግን አስተካካሉን እንይ፤ ባለመስተካከሉ ብቻ ሁለት የሚያሳይ ብዙ አለ።

መጀመሪያ ሁለቱን በርሜሎች እንደ መጽሐፍ አጥፈሽ፣ ሁለቱ ክቦች አንድ ክብ እስኪሆኑ ድረስ አቀራርቢያቸው። ሁለተኛ፣ 50 ሜትር ርቆ ያለ፣ ጠርዙ ጥርት ያለ ነገር ምረጪ፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ጫፍ ወይም የሱቅ ታፔላ ይሆናል። የቀኙን የፊት መስታወት በእጅሽ ሸፍኚ፤ ሁለቱም ዓይንሽ ክፍት ይሁን። መሐሉ ላይ ያለውን ጎማ እያዞርሽ በግራ ዓይንሽ አጥሪው። አሁን ግራውን ሸፍኚ። መሐሉን ጎማ ሳትነኪ፣ በቀኝ ዓይንሽ በኩል ያለውን ቀለበት ብቻ እያዞርሽ አጥሪው። ቀለበቱ የቆመበትን ምልክት በእስክሪብቶ አስምሪበት። ከዚህ በኋላ ለሕይወትሽ የምትነኪው መሐሉን ጎማ ብቻ ነው። የዓይን መነጽር የምታደርጊ ከሆነ የዓይን ጎማዎቹን ወደ ታች አጥፊያቸው፤ ካልሆነ ወደ ላይ አውጪያቸው።

ይህን አድርገሽ አሁንም ሁለት ከታየ፣ አንድ ምርመራ አለ። ሩቅ ያለ አግድም መስመር ለምሳሌ የጣሪያ ጫፍ እያየሽ ባይናኩላሩን ከዓይንሽ ቀስ እያልሽ አርቂው። መስመሩ በግራና በቀኝ መስታወት እኩል ከቀጠለ ደህና ነው። በአንዱ ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ካለ ውስጡ ያሉት ፕሪዝሞች (ብርሃኑን የሚያጥፉት መስታወቶች) ተዛንፈዋል፤ ወድቆ ሊሆን ይችላል፣ ሲሠራም ሊሆን ይችላል። ዓይንሽ ሁለቱን ምስል ለማገናኘት ሲታገል ነው ራስሽን የሚያምሽ። ቤት ውስጥ በካቻቪቴ አይስተካከልም፤ ሠሪ የሚያስፈልገው ሥራ ነው፤ የርካሹን ማሠራት ደግሞ ከአዲሱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

«30×50» የሚለውም ያሳስባል። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። 30 ጊዜ የሚያቀርብ ነገር በእጅ ተይዞ አይረጋም፤ የልብሽ ምት ሁሉ ወፉን ያዘልለዋል። እውነተኛ 30 ቢሆን እንኳ 50ን ለ30 ስታካፍዪ ወደ ዓይንሽ የሚገባው የብርሃን ክብ 1.7 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ጫካ ውስጥ ምስሉ ይጨልማል። ለወፍ የሚበቃው 8×42 ነው፤ 42ን ለ8 ብታካፍዪ 5.25 ሚሊሜትር፣ በንጋትና በጥላ በቂ ብርሃን። ለገደልና ለርቀት ብቻ የሚፈልግ 10×42 ይያዝ። የፊት መስታወቱ እንደ ሩቢ ቀይ የሚያብረቀርቀውን፣ ማስተካከያ ጎማ የሌለውንና «ዙም» የሚለውን አትግዢ። ሱቅ በር ላይ ቆመሽ የመብራት ሽቦ ተመልከቺበት፤ ሽቦው ዙሪያውን ወፍራም ሐምራዊና ቢጫ ጥላ ከሠራ መስታወቱ ደካማ ነው።

መስታወቱን ስታጸጂ በነጠላ ጫፍ አትጥረጊው። ነጠላው ለስላሳ ቢሆንም መስታወቱ ላይ ያለው አቧራ አሸዋ ነው፤ አሸዋውን ይዞ ይፍቃል። መጀመሪያ ንፊበት፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ አራግፊ፣ መጨረሻ ላይ በመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ። ከውርጭ አውጥተሽ ድንኳን ውስጥ ስታስገቢው ደግሞ በቦርሳው እንደተዘጋ ይቆይ፤ ወዲያው ከከፈትሽው ላብ ይሸፍነዋል።

ጥያቄ፦ አባቴ 66 ዓመታቸው ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ሕይወታቸውን ሙሉ ጎንደር ኖረው ስሜንን አላዩም። ግጭ ድረስ በበቅሎ ብወስዳቸው ይጎዳቸዋል? ጓደኞቼ «በበቅሎ ከሆነ ችግር የለም» ይላሉ።

መልስ፦ በቅሎ እግራቸውን ያሳርፋል እንጂ ከፍታውን አይቀንስም። የከፍታ ሕመም የሚመጣው ሰውነት የአየሩን መሳሳት ሳይለምድ ከፍ ብሎ ሲያድር ነው፤ በመኪናም በበቅሎም በእግርም የወጣ ሰው ይታመማል። እንዲያውም በመኪናና በበቅሎ የሚወጣው በፍጥነት ስለሚደርስ ይበልጥ ሊያገኘው ይችላል።

ሕጉ ቀላል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያችሁ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ300 እስከ 500 ሜትር ብቻ ይጨምር። አባትዎ በጎንደር ስለኖሩ ለ2,100 ሜትር ለምደዋል፣ ይህ ትንሽ ይረዳቸዋል። ደባርቅ አንድ ሌሊት፣ ሳንቃበር ቢቻል ሁለት ሌሊት፣ ከዚያ ግጭ ማደሪያ፣ 3,600 ሜትር። የግፊት መድኃኒታቸውን አያቋርጡ፤ ከመሄዳቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ ልባቸውንም ያስመርምሩ። የከፍታ ሕመምን ለመከላከል ዲያሞክስ የሚባለውን አሴታዞላሚድ ሐኪሙ ሊያዝላቸው ይችላል። ሰልፋ የሚባለው የመድኃኒት ዓይነት አለርጂ የሚያስነሳበት ሰው ግን ሳይጠይቅ አይውሰደው። ከፋርማሲ በራስዎ ገዝተው አይስጧቸው።

ማታ ማታ አምስት ነገር ይጠይቋቸው፦ ራስዎን ያምዎታል? ምግብ አልበላም ይላሉ? ያቅለሸልሽዎታል? ያዞርዎታል? እንቅልፍ አልወሰደዎትም? ራስ ምታት ከአንዱ ጋር ተደምሮ ከመጣ ከዚያ በላይ መውጣት የለም፤ እዚያው ያርፉ። ጠላም አረቄም አይቅመሱ፣ የእንቅልፍ ኪኒንም አይውሰዱ። የሚያሰጋው ደግሞ ይህ ነው፦ ተቀምጠው ማለክለክ፣ አረፋ ያለው ሳል፣ ነገር መዘባረቅ፣ ወይም ተረከዝን ከጣት እያነካኩ በቀጥታ መሥመር መራመድ አለመቻል። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ጠዋትን አትጠብቁ፤ ቢያንስ 500 ሜትር፣ ቢቻል 1,000 ሜትር ወደ ታች ይውረዱ። «ትንሽ ይተኙ፣ ይሻላቸዋል» የሚል ጎረቤት አይስሙ።

አባትዎ ግጭ ካልደረሱም ቅር አይበልዎት። ከሳንቃበር ዳር ቁጭ ብሎ ጭላዳ ሲወጣ ማየት ለአንድ ሰው በቂ ነው።

ጥያቄ፦ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አምና ከጓደኞቼ ጋር ስሜን ሄደን ሁለት ቀን ዋልያ ፈልገን ሳናይ ተመለስን። ሰማዩ ላይ ደግሞ ትልልቅ ወፍ ሞልቶ ነበር፣ ሁሉንም «አሞራ» ብለን አለፍናቸው። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ወንድማችን፣ በደብዳቤህ እንደጻፍከው ጨነቅ የደረሳችሁት በ5 ሰዓት ነው። ግማሹ ችግር እዚያ ነው። ዋልያ የሚሰማራው ከንጋት እስከ 3 ሰዓት ገደማና ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ አፈላለጉ ነው። ዋልያ ቸኮሌት መሳይ ቡናማ ነው፤ ቋጥኙም ቡናማ ነው። ዓይን ገደሉን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲያስስ ዋልያውን ዘሎ ያልፋል።

ይልቅ ገደሉን በሐሳብህ እንደ እርሻ ትልም ከላይ ወደ ታች ክፈለው። ክርንህን ጉልበትህ ላይ አስደግፈህ ተቀመጥ፤ በባይናኩላሩ እያንዳንዱን ትልም ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብለህ አስስ፤ ትንንሽ እርከንና ሣር ያለበት ቦታ ላይ አንድ ደቂቃ ቁም። እንስሳውን አትፈልግ፤ ክፍሉን ፈልግ፦ ነጣ ያለ ሆድ፣ ጥቁርና ነጭ እግር፣ ወደ ኋላ የታጠፈ ቀንድ። ድንጋይ ተንከባሎ ሲወድቅ ከሰማህ ወደ ድምፁ ሳይሆን ከድምፁ በላይ እይ። ከጨነቅ ወደ ቧሂት ተራራ የሚያወጣው ዳገት ግራና ቀኝ ላይ ብዙ ጊዜ ይታያሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ ወንዶቹ ይጋጫሉ፤ የቀንዱ ድምፅ ራሱ ይመራሃል። የሰማይ መስመር ላይ አትቁም፤ ከጫፉ አንድ ሜትር ዝቅ ብለህ ቁጭ በል።

ሲመጡም ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ አትከተላቸው። ዋልያ ከዚህ ተራራ በቀር በዓለም ላይ በዱር የትም የለም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ የገባው የዋልያው ቁጥር ማሽቆልቆል፣ እርሻና ልቅ ግጦሽ ስላሳሰቡ ነበር፤ የወጣው በ2017 ነው። ፍየል ወደ ፓርኩ ይዞ የሚገባ ሰው በሽታም ይዞ ይገባል። ቀይ ቀበሮውን በተመለከተ ደግሞ ቃል አንገባልህም። በስሜን ያሉት ጥቂት ናቸው፤ ጓሳና አይጥ ባለበት ሜዳ ላይ በማለዳ ብታይ ዕድለኛ ነህ። ውሻ ግን ከመንደር አታስከትል፤ ቀይ ቀበሮን ከሚፈጁት ነገሮች ዋናው ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

አሁን ወደ ሰማዩ። ጨነቅም ሳንቃበርም ላይ ቆመህ አምስቱን ብትለይ ሌላው ይከተላል። አብዛኞቹን በጅራት ለይ።

አጥንት ሰባሪው ጢማም አሞራ፦ ክንፉ ረጅምና ሹል፣ ጅራቱ ረጅምና እንደ ጦር ጫፍ ሾጣጣ። ክንፉን ሳያራግብ የገደሉን ጠርዝ ይዞ ከዓይንህ በታች ያልፋል፤ ለዚህ ነው ቆመህ ወደ ታች ማየት ያለብህ። የሚበላው በአብዛኛው አጥንት ነው። ትልቁን አጥንት ይዞ ከፍ ብሎ ድንጋይ ላይ ይጥለዋል፣ ሲሰበር ወርዶ ይውጠዋል። ደረቱ ዝገት መሳይ የሆነው ብረት ባለበት ጭቃ ስለሚታሸት ነው።

ጆፌ አሞራ፦ ክንፉ እንደ በር ሰፊ፣ ጅራቱ አጭር፣ ራሱ የሚታይ አይመስልም።

አውጉር ባዛርድ፦ ከሥሩ ነጭ፣ ጅራቱ የሸክላ ቀለም፣ አጭር። ከደባርቅ በመለስ የመብራት እንጨት ላይ ተቀምጦ የምታየው ጭልፊት መሳይ በአብዛኛው እርሱ ነው።

ባለ አጭር ጅራት ቁራ፦ ሲበር ጅራት የሌለው ይመስላል፤ ነፋስ ላይ በቡድን ይጫወታል።

ወፍራም መንቁሩ ቁራ፦ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍታ ውጪ የለም። መንቁሩ ከራሱ ሊበልጥ ምንም አይቀረው፤ ጫፉ ነጭ ነው፤ ማጅራቱም ላይ ነጭ ምልክት አለ። ሰፈር ውስጥ ስታገኘው አትቸኩል። የበቅሎ ፋንድያ ላይ ይቆምና መንቁሩን እንደ ማጭድ ግራ ቀኝ እየወረወረ ይበትነዋል፤ ከዚያ ትሏን ለቅሞ ያወጣል። ይህን ሥራ ከሦስት ሜትር ርቀት በዝምታ የሚያይ ሰው ቁራን እንደ ቀድሞው አያይም።

ጥያቄ፦ ስሜን ለመሄድ ገንዘብም ቀንም የለኝም። ከሥራ የምፈታው እሑድ ብቻ ነው። ጎንደር ዙሪያ ጫካ አለ ወይ? ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገብቶ በባይናኩላር ማየትስ ነውር አይሆንም?

መልስ፦ ጫካው አለ፤ አብዛኛውም የሚገኘው በትክክል እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከቀረው የሀገር በቀል ደን ብዙው አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው ነው፤ ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ዋንዛው ታቦት ስላለበት ሳይቆረጥ ቆየ።

ከከተማ ሳትወጣ ቁስቋምና ደብረ ብርሃን ሥላሴ አሉልህ፤ የጃን ሜዳውን የፋሲል መዋኛ ወርካ ደግሞ ፍሬ ያፈራበትን ሳምንት ጠብቀህ ሂድ። ወርካ ሲያፈራ ወፉ ራሱ ይመጣል፣ አንተ አትፈልገውም። በአጥሩ ዛፍ ሥር ሁለት ሰዓት ቁጭ ማለት፣ ስድስት ሰዓት ከመዞር ይበልጣል። አንገረብ ግድብ ላይ ዳክዬና የውሃ ዳር ወፍ ታያለህ። አንድ ሙሉ ቀን ካገኘህ ደግሞ በባሕር ዳር መንገድ ወርደህ አዲስ ዘመን አጠገብ ወዳለው ጣራ ገዳም ሂድ፤ በዚህ አካባቢ ከቀሩት ትልልቅ ደጋ ደኖች አንዱ ነው። በደጋ ደን ውስጥ ነጭ ጉንጩ ቱራኮ ሲበር ክንፉ ሥር የሚፈነዳውን ቀይ፣ ከዛፍ ጫፍ እየጮኸች የምታልፈውን ጥቁር ክንፍ በቀቀን፣ ግንደ ቆርቁሩን፣ ምናልባትም ጉሬዛን ጠብቅ።

ነውሩን በተመለከተ፣ ነውር የሚሆነው አካሄዱ ከተበላሸ ነው። ቅዳሴ ሳያልቅ ባይናኩላር አታንሳ፤ እሑድ ከሆነ ከ3 ሰዓት በኋላ ጀምር። ስትደርስ ተሳልመህ የደብሩን አለቃ ወይም ዘበኛውን አግኝና «አባ፣ ይፍቱኝ፤ ወፍ ለመመልከት ነው የመጣሁት፣ ግቢው ዳር ብቀመጥ ይፈቀዳል?» በል። ባይናኩላሩን እጃቸው ላይ አድርገህ አሳያቸው። ካህናቱ አንዴ ካዩበት፣ የት ጎጆ እንዳለ እነሱ ናቸው የሚነግሩህ። ባይናኩላሩን ወደ ቤተ መቅደሱ፣ ወደ መቃብርና ወደ ሴቶች መቆሚያ አታዙር። ሴት ልጅ ወደማትገባበት ገዳም እኅትህን ይዘህ አትሂድ፤ አስቀድመህ ጠይቅ። ከዛፉ ቅጠልም ፍሬም አትቁረጥ።

ከተቻለህ ደግሞ አንድ ነገር ለአለቃው ንገር፤ ከብት የሚገባበት ግቢ ውስጥ ችግኝ አይበቅልም፤ የነበረው ዛፍ ሲያረጅ ተተኪ አይኖረውም። ዙሪያውን ድንጋይ ካብ የሠሩ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ችግኙ ተመልሷል።

አጫጭር መልሶች

«የወፍ ስም አላውቅም፣ ማስታወሻ ላይ ምን ልጻፍ?» ላላችሁን፦ በምታውቁት ወፍ ለኩት። «ከድንቢጥ ይበልጣል፣ ከእርግብ ያንሳል» ማለት «ትንሽ ወፍ» ከማለት መቶ ጊዜ ይጠቅማል። መንቁሩን፣ ጅራቱን፣ የት እንደተቀመጠ፣ ሰዓቱንና ከፍታውን ጻፉ። ቀለም መጨረሻ ይምጣ፤ ጥላ ቀለምን ይቀይራል። መርሊን የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ በስልካችሁ ጭናችሁ፣ ኢትዮጵያን የሚያካትተውን የወፍ ጥቅል ጎንደር ዋይፋይ እያለ አውርዱ፤ ተራራው ላይ ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል።

«ድምፅ ከስልክ እያጫወቱ ወፍ መጥራት ይቻላል?» አታድርጉት። ወፉ ባላንጣ የመጣበት መስሎት ጎጆውንና መብሉን ትቶ ይንገላታል።

«ጭላዳ ቆሎ ቢበላስ?» አይበላ። ጭላዳ ሣር በሊ ነው፤ ቁጭ ብሎ በአውራ ጣቱና በጠቋሚው አንዷን ቅጠል ነቅሎ እየሰበሰበ ይውላል። ሰው እጅ ላይ ምግብ የለመደ ጭላዳ ማሳ ይገባል፤ ገበሬው ደግሞ በድንጋይ ይቀበለዋል።

«ስንቅ ምን ይሻላል?» በ3,600 ሜትር ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና ሽምብራ እዚያ ቀቅላለሁ የሚል ሰው ግማሽ ሌሊት ይጠብቃል፣ ጋዙም ያልቃል። ሽሮ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎና ደረቅ ዳቦ ያዙ። በነቢያት ጾም የምትሄዱ ደግሞ ከቤት የተቀቀለ ድንች ጨምሩ። ቡታጋዝ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለእሳት ብላችሁ አስታ አትቁረጡ። አስታ በቀስታ የሚያድግ ዛፍ ነው፣ ቁጥቋጦው ሥር የሚኖሩ ወፎችም አሉ።

«አንድ በቅሎ ስንት ኪሎ ትጭናለች?» ከ40 እስከ 45 ኪሎ አድርጉት፤ ግራና ቀኙ እኩል ይመዘን። ሚዛኑ የተዛባ ጭነት ዳገት ላይ ኮርቻውን ያዞርና ጀርባዋን ይልጠዋል። ባለ በቅሎውን ሳታስፈቅዱ ጭነት አትጨምሩ።

«ጅብራ መቼ ያብባል?» አንዱ ተክል በሕይወቱ አንዴ ብቻ ያብባል፤ ከዚያ ይደርቃል። ስለዚህ የሁሉንም አበባ በአንድ ወር አትጠብቁ፤ ያበበውን ካገኛችሁ ግን 20 ሜትር ርቃችሁ ተቀመጡ። አበባውን ለመቅሰም ተከዜ ሳንበርድ የሚባል ወፍ ይመጣል፤ ስሙ በእኛው ተከዜ ወንዝ የተጠራ ነው። ወንዱ ጥቁር ይመስልና ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ ይሆናል። ፀሐዩ ከጀርባችሁ እንዲሆን በጠዋት ከምሥራቅ በኩል ተቀመጡ።